ቅርጫቱን ማን ይይዘዋል?

በኢንተርኔት እጅግ ትልቅ መደብር ለመክፈት የተነሣ ድርጅት አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን የሚጀምረው ሶፍትዌሮችን በማወዳደር ነው። ስንት ሺህ ዓይነት ዕቃ መመዝገብ ይችላል? በአንድ ሰዓት ስንት ገዢ ያስተናግዳል? ከየትኛው ባንክ ጋር ይሠራል? ስንት ያስከፍላል? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ ነገር ግን ሁሉም የሚለኩት ሶፍትዌሩ በተገዛበት ቀን ያለውን ዐቅም ነው። ከ1994 እስከ 2019 ያለው የታላላቅ መደብሮች ታሪክ (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሚያሳየው ግን ሌላ ነገር ነው። ከዚህ በታች ከማነሣቸው መካከል በጀመረበት ሶፍትዌር ላይ እንደጸና የቀረ መደብር የለም። ሁሉም ለውጠዋል፤ አንዳንዶቹ ደንበኛው ሳይሰማው፣ ሌሎቹ ደንበኛቸውን እያስመረሩ። ልዩነቱን ያመጣው የሶፍትዌሩ ጥራት ነው ብዬ አላምንም። ቅርጫቱን፣ የደንበኛውን መለያና የትዕዛዙን መዝገብ የያዘው ማን ነበር? መደብሩስ የራሱን ይዞ መውጣት ይችል ነበር ወይ? ዕጣቸውን የለየው ይህ ነው። ቅርጫት ስልም ገዢው በስክሪኑ ጥግ የሚያያትን ምልክት ብቻ ማለቴ አይደለም፤ ዕቃውን፣ ዋጋውን፣ ገዢውን፣ ክፍያውንና ትዕዛዙን አንድ ላይ የሚያያይዘውን ሶፍትዌር በሙሉ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከመርሳት ነው። ድረ ገጾች የሚላላኩበት ኤችቲቲፒ የተባለው ደንብ ሲቀረጽ እያንዳንዱ ጥያቄ ለብቻው የቆመ ሆኖ ነበር የታሰበው። ሰርቨሩ የተጠየቀውን ገጽ ይልካል፤ ወዲያው ጠያቂው ማን እንደነበረ ይረሳል። ለንባብ ይህ ምንም አይጎዳም። ለንግድ ግን፣ ደንበኛው ጨው ካዘዘው በኋላ ዘይት ሲጨምርበት ጨዉን ማን እንደጠየቀው የሚጠፋበት ባለሱቅ እንደ ማለት ነው። በ1994 በኔትስኬፕ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ወጣቱ ፕሮግራመር ሉ ሞንቱሊ ከዚህ ችግር ጋር የተገናኘው በእውነተኛ ሥራ ላይ ነው። ኤምሲአይ የተባለው የአሜሪካ የስልክ ኩባንያ በኢንተርኔት የሚሸጥበት ሶፍትዌር ፈለገ፤ ሰዎች ጀምረው ያልጨረሱትን ግዢ በራሱ ሰርቨር ላይ ማኖር ግን አልፈለገም። ሞንቱሊ ያመጣው መላ ሰርቨሩ ትንሽ ቁራጭ መረጃ ለብራውዘሩ እንዲሰጥ፣ ብራውዘሩም በተመለሰ ቁጥር ያንኑ መልሶ እንዲያሳይ ማድረግ ነበር። ዛሬ ኩኪ የሚባለው ይህ ነው፤ በኦክቶበር 1994 በወጣው የኔትስኬፕ የሙከራ ብራውዘር ውስጥ ገባ። ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ ኦገስት 11 ቀን፣ ኔትማርኬት የተባለ ትንሽ ድርጅት አንድ የስቲንግ ሲዲ በ12.48 ዶላርና በመላኪያ ሒሳብ ሸጦ፣ የገዢው የክሬዲት ካርድ ቁጥር ተመስጥሮ በኢንተርኔት ተልኮ ነበር። መክፈል ተችሏል፤ ማስታወስም ተችሏል።

ኩኪው ግን አንድ ጥያቄ ፈትቶ ሌላ አስነሣ። ቅርጫቱ በገዢው ኮምፒውተር ይቀመጥ ወይስ በሻጩ ዘንድ? በዚያ ዘመን የዕቃውን ዋጋ ሳይቀር በገጹ ውስጥ ደብቀው ወደ ገዢው የሚልኩ ቅርጫቶች ነበሩ። ለሰርቨሩ ሸክም ይቀንሳል፤ ነገር ግን ገጹን ኮምፒውተሩ ላይ አስቀምጦ ዋጋውን ከ100 ወደ 1 ቀይሮ መልሶ ለሚልክ ሰው በሩ ክፍት ነው። ስለዚህ ጠንቃቆቹ ኩኪው ውስጥ ቁጥር ብቻ አኑረው ቅርጫቱን ራሱን ወደ ሻጩ ዳታቤዝ አስገቡት። ውሳኔው ትክክል ነበር። ሆኖም ከዚያ ቀን ጀምሮ የእያንዳንዱ ገዢ ሐሳብ፣ ይግዛም አይግዛም፣ ሻጩ ሊሸከመው የሚገባ ዕዳ ሆነ። ትልቅ መደብር ለምን ከትንሽ መደብር በዓይነቱ እንደሚለይ የሚገባን ከዚህ ላይ ነው፤ ከመቶ ሰው አንዱ ብቻ ቢገዛ እንኳ ቅርጫት መያዝ ያለበት ለመቶውም ነው።

1995 ለዚህ ሸክም ሦስት መልስ የወለደ ዓመት ነው። ፖል ግራሃምና ሮበርት ሞሪስ ማሳቹሴትስ ውስጥ የመሠረቱት ቪያዌብ፣ ነጋዴው ሶፍትዌር ሳይጭን በብራውዘሩ ብቻ ሱቁን እንዲሠራና እንዲያስተዳድር አደረገ፤ ሱቁም ቅርጫቱም በቪያዌብ ሰርቨሮች ላይ ይኖራሉ። ያሁ በ1998 49 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በሚያወጣ አክሲዮን ገዛው፤ ዛሬ ሶፍትዌር በወር ኪራይ የሚሸጥበት መንገድ ሥሩ እዚያ ነው። በጁላይ ሲያትል ላይ የተከፈተው አማዞን በተቃራኒው ሁሉን በራሱ እጅ ጻፈ፤ የመጀመሪያው መሐንዲስ ሼል ካፋን ነበር። ገጾቹን የሚያቀርበው ትልቁ ፕሮግራም ኦቢዶስ ተባለ፤ ስሙ የአማዞን ወንዝ ጠቦ በኃይል ከሚፈስስበት የብራዚል ከተማ የተወሰደ ነው። በሴፕቴምበር ደግሞ ፒየር ኦሚዲያር ካሊፎርኒያ ውስጥ በዓል ባለበት የሳምንት መጨረሻ በፐርል ቋንቋ ጽፎ ያወጣው የጨረታ ገጽ ኢቤይ ሆነ፤ ለሽያጭ የቀረበው እያንዳንዱ ዕቃ በዲስክ ላይ አንድ ፋይል ነበር። በቀጣዩ ዓመት አይቢኤም ኔት ኮመርስ የተባለውን የመደብር ሶፍትዌር ይዞ ገበያ ወጣ፤ የጀርመኑ ኢንተርሾፕም ነበረ። መከራየት፣ መጻፍ፣ መግዛት፦ ዛሬ የሚነሡት አማራጮች በሙሉ በሁለት ዓመት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ቀርበው ነበር ማለት ይቻላል።

ከሦስቱ ጀማሪዎች ቀድሞ ጣሪያ የነካው ኢቤይ ነው። በ1997 ፐርሉ ቀርቶ ሥራው በሲ ፕላስ ፕላስ እንደገና ተጻፈ፤ መረጃውም ወደ አንድ ትልቅ የኦራክል ዳታቤዝ ገባ። ጁን 10 ቀን 1999 ዳታቤዙ ተበላሸና ገበያው ለ22 ሰዓት ገደማ ተዘጋ፤ የአክሲዮኑ ዋጋም ወዲያው አሽቆለቆለ። ችግሩ የአንድ ቀን አልነበረም። የሲ ፕላስ ፕላሱ ኮድ ከ3 ሚሊዮን መስመር በላይ አድጎ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ሊጻፉ የሚችሉ ተግባሮች ብዛት ኮምፓይለሩ ከሚፈቅደው ወሰን ጋር ተጋጨ። የኢቤይ መሐንዲሶች የመረጡት መንገድ በጥሞና ሊታይ ይገባዋል። ገበያውን ዘግተው አዲስ አልሠሩም። ዳታቤዙን በሥራ ዓይነት ከፋፈሉት፤ ተጠቃሚዎች ለብቻ፣ ዕቃዎች ለብቻ፣ ሽያጮች ለብቻ። ከ2002 ጀምሮ ደግሞ ገበያው እየሠራ ኮዱን ቀስ በቀስ ወደ ጃቫ አዛወሩ። ገጽ የሚያቀርቡት ሰርቨሮችም ስለ ገዢው ምንም እንዳይዙ ተደረገ፤ ጊዜያዊ መረጃ በኩኪ ወይም ለዚሁ በተለየ ዳታቤዝ ይቀመጣል። ሰርቨሩ የሚያስታውሰው ነገር ከሌለው ሊተካ ይችላል፤ ሊተካ ከቻለ ደግሞ በአዲስ ቋንቋ የተጻፈ ሌላ ሰርቨር ቦታውን ሲይዝ ገዢው አያውቅም።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። ሦስት ጊዜ ከመጻፍ መጀመሪያውኑ ትልቅ አድርጎ መጻፍ አይሻልም ነበር ወይ? ተቃውሞው ምክንያታዊ ይመስላል፤ ግን በ1995 ሊታወቅ የማይችለውን ነገር እንደሚታወቅ ይቆጥራል። ሰው ከማያውቀው ሰው ያገለገለ ዕቃ በኢንተርኔት ይገዛል ወይ የሚለውን ጥያቄ የመለሰው ያ በጥቂት ቀን የተጻፈ ፐርል ነው። ለሚሊዮኖች የሚበቃ ሥርዓት ለመሥራት ሁለት ዓመት ቢቆይ ኖሮ ያ ትምህርት አይገኝም ነበር። ትንሽ ሶፍትዌር መጀመሪያ ላይ መምረጥ ጥፋት አይደለም። ጥፋት የሚሆነው ትንሹን ሶፍትዌር መደብሩ ሁሉ በላዩ ካልቆመ መንቀሳቀስ እስከማይችል ድረስ ከሁሉ ነገር ጋር ማስተሳሰር ነው። የ1999ኙ አደጋ ያን ያህል የከፋውም ጨረታው፣ ደንበኛውና ሽያጩ በአንድ ዳታቤዝ ስለታሰሩ ነው።

በዚያው በ1999 የገና ሰሞን የአሜሪካ አሻንጉሊት መደብር ቶይስ አር አስ በድረ ገጹ የተቀበለውን ትዕዛዝ ሁሉ በጊዜው ማድረስ አቃተው። ቅርጫቱ ዕቃ ተቀበለ፤ መጋዘኑ ግን አላደረሰም። በ2000 የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እሱን ጨምሮ በሰባት ሻጮች ላይ በድምሩ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት እንዲከፈል አደረገ። በዚያው ዓመት በኦገስት ቶይስ አር አስ ከአማዞን ጋር የአሥር ዓመት ውል ፈረመ፤ አሻንጉሊት መምረጥና መግዛት የሱ፣ ድረ ገጹንና ማድረሱን መምራት የአማዞን ሆነ። በ2001 ሌላው የአሜሪካ የችርቻሮ መደብር ታርጌት ተመሳሳይ ውል ገባ። በጊዜው ብልህ ውሳኔ ይመስል ነበር፤ በብዙ በኩልም ነበር። የአገሪቱ ምርጥ ቅርጫት ከተሠራ በኋላ ለምን ሌላ ይሠራል? ነገር ግን የቶይስ አር አስ ጋብቻ አራት ዓመት ሳይሞላው ፍርድ ቤት ደረሰ። አሻንጉሊቱን ለብቻዬ እንድሸጥ ተስማምተን ሳለ ሌሎች ነጋዴዎች ገቡብኝ ሲል በ2004 አማዞንን ከሰሰ፤ በ2006 ዳኛዋ ውሉ እንዲቋረጥ ወሰኑ፤ በ2009 አማዞን 51 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ገንዘቡ ተመለሰ። እነዚያ ዓመታት ሊያስተምሩት ይችሉ የነበረው የቴክኒክ ልምድ ግን የተጠራቀመው ሥራውን ሲሠሩ በነበሩት በአማዞን ሰዎች ዘንድ ነው።

ስለ ዝግጁ ሶፍትዌር የማያሻማ ምስክር ከዚያው ዘመን ከቻይና ይመጣል። በ2003 ጸደይ የኢንተርኔት ንግድ ኩባንያው አሊባባ ሃንግዡ ውስጥ አነስተኛ ቡድን ሰብስቦ ከኢቤይ ጋር የሚፎካከር ገበያ በአንድ ወር ያህል እንዲያቆም አዘዘ። ቡድኑ ከባዶ አልጻፈም፤ በፒኤችፒ ቋንቋ የተሠራና ማይ ኤስኪውኤል ዳታቤዝ የሚጠቀም ዝግጁ የጨረታ ሶፍትዌር ገዛና ለቻይና ገዢ እንዲስማማ አድርጎ አሻሻለው። ታኦባኦ ሜይ 10 ቀን 2003 ተከፈተ። ዓመት ሳይቆይ ዳታቤዙ ወደ ኦራክል ተቀየረ፤ በ2004 ደግሞ ኮዱ በጃቫ እንደገና ተጻፈ። የተገዛው ሶፍትዌር ዕድሜ አጭር ነበር፤ ሥራውን ግን ሠርቷል። ሶፍትዌሩን የገዙት ሰዎች ኮዱም መረጃውም በእጃቸው ስለነበረ አንዱን ክፍል አውጥተው ሌላውን ሲያስገቡ ማንንም ማስፈቀድ አላስፈለጋቸውም።

አማዞን ለሌሎች ቅርጫት እያከራየ ሳለ የራሱ ቅርጫት ውስጥ ውስጡን እየተጨነቀ ነበር። ኦቢዶስ ዕቃ ማሳየቱንም፣ መፈለጉንም፣ ቅርጫቱንም፣ ምክር መስጠቱንም በሆዱ ይዞ አበጠ። ጭንቀቱ በ1998 ኩባንያው ውስጥ በተጻፈ ሰነድ ላይ ይታያል፤ የአማዞን ዋና የቴክኖሎጂ ኃላፊ ቨርነር ቮግልስ በ2022 ይፋ አድርጎታል። ሰነዱ የሚለው ፕሮግራሞች ሁሉ በቀጥታ ዳታቤዙን መንካታቸው ይቅር፣ መረጃው በባለቤቱ አገልግሎት በኩል ብቻ ይጠየቅ ነው። ሐሳቡ በተግባር እስኪውል ዓመታት ፈጀ። በ2004 ደግሞ የታወቀው የኦራክል ዳታቤዝ፣ በቅጂና በክላስተር ተጠናክሮም፣ የአማዞንን ገበያ መሸከም ከበደው። መሐንዲሶቹ ዳታቤዙ በቀን ተቀን ሥራው ምን እንደሚጠየቅ ቆጠሩ። ከጥያቄዎቹ 70 ከመቶ ያህሉ በአንድ ቁልፍ አንድ መዝገብ ብቻ የሚያወጡ ሆነው ተገኙ፤ ሌላ 20 ከመቶ ያህሉም ከአንድ ሠንጠረዥ አያልፉም። ውድ የተባለው ዳታቤዝ የሚኮራባቸው የረቀቁ ችሎታዎች በአብዛኛው ሥራ ላይ አልዋሉም። ምን መግዛት እንዳለበት የሚያስብ ሰው ሁሉ ይህን ቆጠራ ቢያደርግ ብዙ ያተርፋል፤ የሻጩን የችሎታ ዝርዝር ከማንበብ በፊት የራስን ሥራ መቁጠር።

የቆጠራው ውጤት ዳይናሞ የተባለው የመረጃ ማከማቻ ነው፤ በኦክቶበር 2007 በታተመ ጥናት ለዓለም ተገለጸ። የጥናቱ ዋና ምሳሌ የግዢ ቅርጫቱ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ገጽ ለመሥራት ከ150 በላይ አገልግሎቶች ሊጠየቁ በሚችሉበት መደብር ውስጥ አንድ ማሽን፣ አንድ ዲስክ ወይም አንድ የመረብ መስመር ሁልጊዜ የሆነ ቦታ ተበላሽቶ ነው የሚገኘው። ታዲያ ገዢው ዕቃ ሲጨምር የቅርጫቱ ቅጂ ካለባቸው ማሽኖች አንዱ ባይመልስ ምን ይደረግ? የተለመደው ዳታቤዝ ስሕተት ከሚገባ ቢቀር ይሻላል ብሎ ይቆማል። የአማዞን ሰዎች ተቃራኒውን መረጡ፤ ወደ ቅርጫት የተጨመረ ዕቃ በምንም ምክንያት አይመለስም፣ አይረሳም። መረጃው ብዙውን ጊዜ በሦስት ማሽኖች ላይ ይጻፋል፤ ሁለቱ ከመለሱ ይበቃል፤ አንዱ ከጠፋ ሌላ ማሽን ተክቶ ይቀበላል። በዚህ መሐል አንድ ቅርጫት ሁለት የተለያዩ መልኮች ሊኖሩት ይችላል። ሁለቱን የማስታረቅ ሥራ የተሰጠው ለዳታቤዙ ሳይሆን ለቅርጫቱ ሶፍትዌር ነው፤ በሁለቱም ያለውን ዕቃ አንድ ላይ ይሰበስባል። ዋጋው ግልጽ ነው፤ ገዢው ያወጣው ዕቃ አልፎ አልፎ ተመልሶ ቅርጫቱ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ጥናቱ ይህን ሳይደብቅ ጽፎታል። በ24 ሰዓት ልኬታቸው 99.94 ከመቶ የሚሆነው ጥያቄ አንድ መልክ ብቻ አየ፤ መልኮች ሲበዙም ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የማሽን ብልሽት ሳይሆን በአንድ ጊዜ የሚጽፉ ሮቦት ፕሮግራሞች ነበሩ። ሥራ በበዛበት አንድ ቀን የቅርጫቱ አገልግሎት በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ጥያቄዎችን አስተናግዶ ከ3 ሚሊዮን በላይ ግዢዎች ተጠናቅቀዋል።

በዚህ ውሳኔ ውስጥ የሚያስደንቀኝ ከሒሳቡ ይልቅ ውሳኔው የማን እንደሆነ ነው። ተመልሶ የመጣ ዕቃና ያልተቀበለ ቅርጫት፣ ከሁለቱ የትኛው ይከፋል የሚለው ጥያቄ የፕሮግራመር ጥያቄ አይደለም። የነጋዴ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ከመደብር መደብር ይለያያል። አንድ ብቻ የቀረ የኮንሰርት ወንበር የሚሸጥ ሰው የአማዞንን መልስ ቢቀዳ ሁለት ሰው በአንድ ወንበር ያስቀምጣል። አማዞን ራሱም ገንዘብ በሚከፈልበት ቦታ እንዲህ ያለ ልቅነት አልፈቀደም፤ ለገዢው የመጨረሻ ዕድል ከመክፈሉ በፊት ቅርጫቱን ማየት ነው። ዝግጁ ሶፍትዌር የገዛ ድርጅት ይህን ጥያቄ ሌላ ሰው መልሶለታል፤ ብዙ ጊዜ እንደተመለሰም አያውቅም። እርግጥ እንዲህ ሊባል ይችላል፤ ዳይናሞን የመሰለ ነገር መጻፍ ለአማዞን ይቻለዋል፣ ሌላው ግን መሐንዲሱንም ገንዘቡንም ከየት ያመጣል? ተቃውሞው እውነት ነው፤ ማንም ዳይናሞን ይጻፍ አልልም። ቅርጫቱ ከሌላው ክፍል ተለይቶ በራሱ በር ብቻ የሚጠየቅ ከሆነ ግን ከኋላው ያለው ማከማቻ ዛሬ የተገዛ፣ ነገ የተከራየ፣ ከነገ ወዲያ የተጻፈ ሊሆን ይችላል። በሩን መሥራት ውድ አይደለም፤ ውድ የሚሆነው ከአሥር ዓመት በኋላ ግድግዳ አፍርሶ በር ማውጣት ነው።

ለመካከለኛውና ለትልቁ ነጋዴ በ2008 አዲስ ተስፋ መጣ። ቫሪየን የተባለው የካሊፎርኒያ ድርጅት ያወጣው ማጀንቶ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነበር፤ ማንኛውንም ዓይነት ዕቃ፣ ከጫማ እስከ ጎማ፣ ከነባሕርያቱ መመዝገብ ይችላል። ይህን ነጻነት ያገኘው የአንዱን ዕቃ ባሕርያት በብዙ ሠንጠረዦች በመበተን ነው፤ ስለዚህ አንድ ዕቃ ለማሳየት ከየሠንጠረዡ መልቀም ያስፈልጋል፤ ዕቃው በብዙ መቶ ሺህ ሲቆጠር ገጹ ይዘገያል። ኮዱ ክፍት ከሆነ እስር የለም የሚል እምነት ሰፊ ነው። የማጀንቶ ታሪክ እምነቱን በግማሽ ብቻ ይደግፋል። በኖቬምበር 2015 ሁለተኛው ማጀንቶ ሲወጣ ለመጀመሪያው የተጻፉት ተጨማሪ ክፍሎችና የገጽ ንድፎች አልሠሩበትም፤ በጁን 2020 የመጀመሪያው ድጋፍ አበቃ። መረጃው የነጋዴው ነበር፤ ያ ትልቅ ነገር ነው። በላዩ የተገነባው ሥራ ግን ከሶፍትዌሩ ጋር ተጣብቆ ስለነበር አብሮት አረጀ። በሌላ በኩል ቶቢያስ ሉትኬ ኦታዋ ውስጥ በ2004 የበረዶ መንሸራተቻ ሰሌዳ ለመሸጥ ሲነሣ ያሉት ሶፍትዌሮች አላረኩትምና የራሱን ጻፈ፤ በ2006 ሾፒፋይ ሆነ። ሾፒፋይ ሲገዝፍ ኮዱን ወደ ብዙ አገልግሎቶች ከመበተን ይልቅ አንድ አድርጎ ይዞ ውስጡን በድንበር ከፋፈለው፤ የሱቆቹን መረጃ ደግሞ በተለያዩ ዳታቤዞች መደበው። ስለዚህ ክፍፍል ማለት የግድ መቶ ትናንሽ ፕሮግራሞች ማለት አይደለም። ድንበሩ መኖሩ ነው ቁም ነገሩ።

አማዞን ቅርጫቱን ለሌሎች ያከራየበት ዘመን ሒሳብ የተወራረደው ከ2011 ጀምሮ ነው። ታርጌት ከአማዞን እንደሚወጣ በ2009 ካስታወቀ በኋላ በብዙ አቅራቢዎች እገዛ የራሱን ድረ ገጽ ሠርቶ ኦገስት 23 ቀን 2011 ከፈተ። ሦስት ሳምንት ሲሆነው፣ ሴፕቴምበር 13 ቀን፣ የጣሊያኑ ፋሽን ቤት ሚሶኒ ለታርጌት የነደፋቸው ልብሶች ለሽያጭ ወጡ። ገዢው ጎረፈ፤ ድረ ገጹ የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት ተዘግቶ ዋለ። ሚሶኒ ድንገተኛ አልነበረም፤ ቀኑም ሰዓቱም በማስታወቂያ የተነገረ ነበር። በእኔ ግምት የጎደለው ሰርቨር ብቻ አይደለም። እንዲህ ያለ ቀን ምን እንደሚመስል፣ የትኛው ክፍል ቀድሞ እንደሚሰበር የሚያውቁት ሰዎች አሥር ዓመት ሙሉ ሥራውን ሲሠሩ የነበሩት የአማዞን ባለሙያዎች ነበሩ፤ ሶፍትዌሩ በውል ይመለሳል፣ ልምዱ ግን በውል አይመለስም።

የብሪታንያው ማርክስ ኤንድ ስፔንሰር ታሪክ ከዚህም የበለጠ ያስተምራል፤ ምክንያቱም እዚያ የተጓደለው ገንዘብም ጊዜም አልነበረም። ድረ ገጹ ከ2007 ጀምሮ በአማዞን ሥርዓት ላይ ይሠራ ነበር። ኩባንያው ሦስት ዓመት ያህል ወስዶ፣ 150 ሚሊዮን ፓውንድ አውጥቶ፣ ስመ ጥር በሆነው የአይቢኤም የመደብር ሶፍትዌር ላይ የራሱን ሠራና በፌብሩዋሪ 2014 ከፈተ። ድረ ገጹ አልወደቀም። ነገር ግን 6 ሚሊዮን የሚሆኑ ነባር ደንበኞች እንደ አዲስ እንዲመዘገቡ ተጠየቁ፤ የቀድሞው መለያቸው አብሯቸው አልተሻገረም። እስከ ጁን መጨረሻ ባሉት 13 ሳምንታት የኦንላይን ሽያጩ በ8.1 ከመቶ ቀነሰ። ኩባንያው ድረ ገጹ እስኪለመድ ጊዜ ይፈልጋል አለ፤ በእርግጥም በ2015 ጸደይ ሽያጩ እንደገና አደገ። ለዓመታት ከገበያው የገዛች ሴት ግን አንድ ማለዳ እንደ እንግዳ ስምሽ ማን ነው ተብላ ተጠየቀች፤ ከነዚያ ስንቶቹ ሌላ መደብር እንደሄዱ ለመገመት አያስቸግርም። የሶፍትዌር ምርጫው ጥሩም መጥፎም ሊሆን ይችላል። ሽያጩን የጎዳው ግን የደንበኛው ቁልፍ በአከራዩ ኪስ መቅረቱ ነው ብዬ እደመድማለሁ፤ ያም የተወሰነው የመጀመሪያው ውል ሲፈረም እንጂ በ2014 አይደለም።

ሁለቱን ታሪኮች ያነበበ ሰው ኪራይ የሚባል ነገር ይቅር ወደሚል ሊያዘነብል ይችላል። አልስማማም። ታርጌት በ2001 በራሱ ቢጀምር ኖሮ የቶይስ አር አስን የገና ሰቆቃ ይደግመው ነበር ይሆናል። ስሕተቱ በመከራየት ውስጥ ሳይሆን ሁሉንም በአንድ ውል አሳልፎ ሰጥቶ፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለማውጣት በመሞከር ውስጥ ነው። ሌላም የሚነሣ አለ፦ ገና ሳይገቡ ስለ መውጣት ማሰብ ሥራ ያጓትታል፣ ገንዘብም ያባክናል። የሚያስፈልገው ነገር ግን ጥቂት ነው። የደንበኛው መለያ በመደብሩ ስም ይመዝገብ፤ የትዕዛዝ መዝገቡ በየቀኑ ወደ መደብሩ ዳታቤዝ ይገልበጥ፤ ዋጋና ክምችት የሚያሰላው ኮድ ከሻጩ ሶፍትዌር ውጭ ይኑር፤ ከሥራው ጋር የሚውሉ ሁለት ሦስት የራስ ባለሙያዎች ይኑሩ። ይህ ሁሉ ከ150 ሚሊዮን ፓውንድ ጋር ሲነጻጸር ምንም ነው።

በዚያው ወቅት ታኦባኦ በቀስታ የሚለቅ መደብር ምን እንደሚያገኝ እያሳየ ነበር። ኖቬምበር 11 ቀን 2009 የመጀመሪያው የቅናሽ ቀን ሲደረግ የተሳተፉት 27 የንግድ ስሞች ነበሩ፤ ሽያጩም ከ50 ሚሊዮን ዩዋን ጥቂት የሚበልጥ። ኩባንያው ከአይቢኤም ማሽኖች፣ ከኦራክል ዳታቤዝና ከኢኤምሲ ማከማቻ ለመላቀቅ የተነሣው በዚያ ሰሞን ነው፤ አንዱን ሥርዓት አሸጋግሮ፣ አይቶ፣ ወደሚቀጥለው እያለ። የመጨረሻው የአይቢኤም ማሽን የተነቀለው በ2013 ነው። በየዓመቱ ኖቬምበር 11 በመጣ ቁጥር ፈተናው ይበልጥ ከበደ፤ በ2019 የአንድ ቀኑ ሽያጭ 268.4 ቢሊዮን ዩዋን ደረሰ፤ ትዕዛዙ በጣም በበዛበት ቅጽበት በሰከንድ 544,000 ነበር። ይህን መጠን የሚሸከም ዝግጁ ሶፍትዌር በ2003 ማንም ሊሸጥላቸው አይችልም ነበር፤ እነሱም አልጠየቁም።

በዚያው በ2019 በኦክቶበር አማዞን ለሸማቹ የሚሠራው ክፍል የመጨረሻውን የኦራክል ዳታቤዝ እንደዘጋ አስታወቀ። የተዛወረው መረጃ 75 ፔታባይት ነበር፤ 7,500 በሚጠጉ ዳታቤዞች ውስጥ ተበትኖ የነበረ፤ ሥራውንም ከ100 በላይ ቡድኖች ተካፍለውታል። በ2004 የተጨናነቀ ድርጅት ከአቅራቢው ፈጽሞ ለመላቀቅ 15 ዓመት ፈጀበት፤ ያውም ምርጥ መሐንዲሶች ያሉት ድርጅት ነው። ገዢው በዚያ ሁሉ ጊዜ ዕቃ ወደ ቅርጫቱ ይጨምር ነበር፤ ከኋላ ምን እንደተቀየረ የሚነግረው ነገር አልነበረም። ማስታወቂያው አንድ ነገር ግን ሳይሸሽግ ጠቅሷል፤ ሳይዛወሩ የቀሩ አሉ። እነሱም ከሌሎች ኩባንያዎች የተገኙና ከኦራክል ጋር በጥብቅ የተሳሰሩ አንዳንድ መተግበሪያዎች ናቸው።